ፎርማት ጥገና አይደለም!

«ቲቸር፣ የቤቴ ኮምፒውተር በየሩብ ሰዓቱ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ጥገና ቤት ብወስደው ስፓይዌር ገብቶበታል፣ ፎርማት ካልተደረገ አይድንም አሉኝ። ላስደርገው ወይ?»

እንዲህ ያለ መልእክት ኢንቦክሴ ውስጥ ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። ከዳባት ይመጣል፣ ከደባርቅ ይመጣል፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ይመጣል። አዲስ አበባ የገቡ ተማሪዎቼም ይጽፉልኛል። ቃሉ ሁሌም ያው ነው፦ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ስፓይዌር፣ ፎርማት። ለእያንዳንዱ ለብቻው መመለስ ስለሰለቸኝ ዛሬ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ልረፍ። ረጅም ነው፣ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት። የምትቆጡኝ ትኖራላችሁ፣ በተለይ ጥገና ቤት የከፈታችሁ ልጆቼ። ተቆጡ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተቆጡ።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጠው። ራሱን እያጠፋ የሚነሳ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የተሰለለ ኮምፒውተር አይደለም። የተሰለለ ኮምፒውተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አያጠፋም። እኛ ሁለቱን አምታትተን ለሁለቱም አንድ መድኃኒት እንሰጣለን። የሰው ፎቶ እንደመስሳለን፣ የሰው ጽሑፍ እንደመስሳለን፣ ሲያልቅ ደግሞ እውነተኛውን ሰላይ በገዛ እጃችን አስገብተን ብር እንቀበላለን።

እስኪ አስቡት። ሰላይ የሚፈልገው ምንድን ነው? እንዳይታወቅበት አይደል እንዴ? የሰው ወሬ ለመስማት ጓዳ የተደበቀ ሰው በየሩብ ሰዓቱ ድስት እየጣለ ያንኳኳል? ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እኮ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ መቅዳቱም መላኩም ይቋረጥበታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ባለቤቱ ይነቃና ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ይሄዳል። ጥሩ ሰላይ ኮምፒውተራችሁ ጤነኛ እንዲሆን ከእናንተ በላይ የሚጸልይ ነው።

ታዲያ «ከተነሳ ቫይረስ ነው» የሚለው እምነት ከየት መጣ? ከሜዳ አልመጣም፣ ይሄን አልክድም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2003 ብላስተር የሚባል ትል በዓለም ዙሪያ ዊንዶውስ ኤክስፒና ዊንዶውስ 2000 ላይ ተሰራጭቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ ሳጥን ይወጣል፣ ከ60 ሰከንድ ወደ ታች ይቆጥራል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። በዓመቱ፣ በ2004፣ ሳሰር የሚባል ሌላ መጣ፤ እሱም ያንኑ አደረገ። የእኔ ዘመን ሰዎች ኮምፒውተር የተማርነው በዚያ ወቅት ስለሆነ ነገሩ አእምሯችን ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ግን ያኔም ቢሆን ትሎቹ ማጥፋቱን ፈልገውት አልነበረም። በቀዳዳ ሲገቡ አንድ የዊንዶውስ አገልግሎት ያቆስላሉ፣ ያ አገልግሎት ሲወድቅ ዊንዶውስ ራሱ ደንግጦ ይነሳል። መነሳቱ የሌባው ሥራ ሳይሆን ሌባው አጥር ሲዘል የሰበረው እንጨት ድምፅ ነበር ማለት ነው። ያ ቀዳዳ ከተደፈነ ደግሞ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኛ ግን ዛሬም የ2003ን በሽታ እናክማለን።

እሺ፣ ስፓይዌር ካልሆነ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ምጣድ ነው። አትሳቁ! የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። በአንድ ቆጣሪ ሁለት ሦስት ቤት በሚጠቀምበት ግቢ፣ ሽቦው ቀጭን፣ መስመሩ የተጫነ፣ አንዷ ጎረቤት ምጣዷን ስትሰካ የሁሉም ቤት አምፖል ደብዘዝ ይላል። አምፖሉ ደብዝዞ ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይችልም። ውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለአፍታ ኃይል ሲያንሰው ይለቃል፣ ኃይሉ ሲመለስ ይነሳል። በተለይ ፓወር ሰፕላዩ ያረጀ ከሆነ ትንሽ መውረድም አይችልም። እንግዲህ ሰው ምን ያያል? «ማንም ሳይነካው ራሱን አጠፋ።» ጥገና ቤት ሲወሰድስ? እዚያ ምጣድ የለም። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። ፎርማት ይደረጋል፣ «ይኸው ዳነ» ተብሎ ይመለሳል፣ ማታ እንጀራ ሲጋገር ያው ነው። ምነው ሸዋ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ይሄን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፣ ደብተር ይበቃል። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ጻፉት። ያኔ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ነበር? ምጣድ ተሰክቶ ነበር? የጎረቤት ወፍጮ ወይም ብየዳ ይሠራ ነበር? የሦስት ቀን መዝገብ ከሦስት ፎርማት ይበልጣል። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል፦ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ መብራት ሲወርድ ምንም አይሆንም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ግን ከዴስክቶፕ እኩል ነው፣ ገመዱ ትንሽ ሲነቃነቅ ይጠፋል። ስንት ላፕቶፕ ነው በሞተ ባትሪ ምክንያት «ስፓይዌር» ተብሎ የተፈረደበት!

ሁለተኛው ሙቀት ነው፣ ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ አቧራና ዳንቴል። «ዳባት ደጋ ነው፣ ምን ሙቀት አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። ደጋነቱ ለእናንተ ነው እንጂ በአቧራ ለታፈነ ፕሮሰሰር አይደለም። የበጋው ነፋስ የሚያነሳውን አቧራ ታውቁታላችሁ። ማራገቢያው ያንን እየሳበ ብረቱ መሃል ይጠቀጥቀዋል፤ የቡናው ጭስና የእጣኑ ጭስ ሲጨመርበት እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል። በላዩ ላይ ደግሞ እናቶቻችን ኮምፒውተርን እንደ እንግዳ ያከብሩታልና ዳንቴል ያለብሱታል። ዳንቴል ሲጠፋ ይልበስ፣ እሰየው። እየሠራ ግን መተንፈሻውን ከሸፈነው፣ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ያጠፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጠዋት ሲከፈት ደህና ነው፣ ጥቂት ሲሠራ ይጠፋል፣ ወዲያው ቢከፈት ቶሎ ይጠፋል፣ ከርሞ ቢከፈት ይቆያል። ቫይረስ ሲበርደው አይሻለውም። መድኃኒቱ ከሶኬት ነቅሎ፣ ከፍቶ፣ ለስላሳ ብሩሽ ይዞ ደጅ ላይ ማጽዳት ነው።

ራም የሚባለው ማስታወሻም አለ። ጥርሶቹ ቆሽሸው እንደሆነ ነቅሎ በላጲስ ቀስ ብሎ ጠርጎ መመለስ ብዙ ጊዜ ያድናል። ይሄን ክፍል ውስጥ ያሳየኋችሁ ነው፣ አልደግመውም።

አንድ ፈተና ግን ሁላችሁም እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ኮምፒውተሩን አብሩና ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮስ ወደሚባለው ገጽ ግቡ፤ እንደ ሠሪው ድርጅት ዲሊት ወይም ኤፍ 2 በመጫን ነው። እዚያ ገጽ ላይ ትታችሁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። እዚያም ጠፍቶ ከተነሳ ነገሩ ተፈርዷል፦ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም፣ ስለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ስፓይዌርም አልተነሳም። ያልተነሳ ነገር አያጠፋም። ችግሩ ዕቃው ወይም መብራቱ ነው፣ ሺህ ጊዜ ፎርማት ብታደርጉት አይድንም። እዚያ ገጽ ላይ ካልጠፋ ደግሞ ገና አልተፈረደም፤ ባዮስ ላይ ኮምፒውተሩ ብዙም ሥራ የለበትምና ቀጥሎ ያለውን እዩ።

ዊንዶውስ ሲሰናከል ሰማያዊ ስክሪን ያሳይና ወዲያው ራሱን እንዲያስነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሰማያዊውን ለማንበብ ጊዜ ስለማይሰጥ ዝም ብሎ የጠፋ ይመስላል። የሲስተም ቅንብሩ ውስጥ፣ አድቫንስድ በሚለው ሥር፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ የሚል አለ፤ እዚያ «በራሱ ይነሳ» የሚለውን ምልክት አንሱት። በሚቀጥለው ጊዜ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ይቆማል፣ የስህተቱን ስም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ኢቨንት ቪወር የሚባለውም መዝገብ አለ፤ እዚያ ከርነል ፓወር 41 የሚል ብቻ ተጽፎ፣ የሰማያዊ ስክሪን መዝገብ ከሌለ፣ ኮምፒውተሩ ሳይሰናበት ድንገት ኃይል ተነጥቋል ማለት ነው፤ ወደ ምጣዱና ወደ ፓወር ሰፕላዩ ተመለሱ። ይሄ ሁሉ ነፃ ነው። ይሄ ሁሉ ዊንዶውሱ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ ነው። ጥገና ቤት ውስጥ ግን ይሄን መዝገብ የሚከፍት ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። የማየው ፍላሽ ሰክቶ «ኔክስት፣ ኔክስት» የሚል ወጣት ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

አንድ የማውቃቸው አባት አሉ፣ ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልናገርም። የቤታቸው ዴስክቶፕ ማታ ማታ እየጠፋ አስቸገራቸው። ልጃቸው ወስዶ አሠራው። ጥገና ቤቱ «ዳታ አለው ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ወይም ጠይቆ «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ብሎ ይሆናል፣ እኔ አልነበርኩም። ኮምፒውተሩ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። በጣም ንጹሕ። የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎች በሙሉ፣ የልጆቻቸው ክርስትና ቪዲዮ፣ ልጅየው ሁለት ዓመት የለፋበት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ጠርጓል። እኔ የደረስኩት ከሳምንታት በኋላ ነው። ዊንዶውሱና ሃያ የሚሆኑ ፊልሞች በላዩ ተጭነውበታል፤ ፊልሞቹ ከጥገና ቤቱ የተሰጡ ስጦታ ናቸው። ማታ ላይ እዚያው ተቀምጠን ቡና እየጠጣን ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ ተነሳ። ጓዳ ውስጥ ምጣድ ተሰክቷል።

እኚያ ሰው አልተቆጡም። «ዕቃ አይደል እንዴ፣ ይበላሻል» አሉኝ። ስለ ፎቶዎቹ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ፣ በሳቸው ፈንታም ጭምር።

ጥገና ቤት ያላችሁ ልጆቼ የምትሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ቲቸር፣ ደንበኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይፈልጋል። ምርመራ ብለን ብናቆየው ጎረቤት ያለው ሱቅ ይወስደዋል። ለምርመራ የሚከፍል ሰው የለም፣ ለፎርማት ግን ይከፍላል።» እውነት ነው፣ ደንበኛውም ጥፋት አለበት። ሀኪም ቤት ሄዶ «መርፌ ካልወጋኸኝ አልታከምኩም» እንደሚለው ሰው ነው የምንሆነው። ግን እናንተ ባለሙያ ነን ብላችሁ ሰሌዳ ሰቅላችኋል። ዳታ መገልበጥ ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ዊንዶውሱ እምቢ ቢል እንኳ ኡቡንቱን በፍላሽ አስነስታችሁ ፋይሉን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ትችላላችሁ፣ ኡቡንቱ ደግሞ በነፃ ነው። ለዚያ ተጨማሪ ክፈሉ በሉ፤ እኔ ራሴ ሰዉን ክፈሉ እላለሁ። ሳይጠይቁ መደምሰስን ግን በየትኛውም ዋጋ አትሽጡ።

ቀጥሎ የሚመጣው ከዚህም ይብሳል። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ምን ይጫናል? ከሱቅ ሱቅ ሲዞር የኖረ ዊንዶውስ፣ ከዚያ አክቲቬተር፣ ከዚያ ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ። አክቲቬተሩ ሲጫን የመጀመሪያው መመሪያ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «አንቲቫይረስህን አጥፋ።» አስቡት እንግዲህ። የማታውቁት ሰው በር ላይ ቆሞ «ልገባ ነው፣ ውሻህን እሰርልኝ» ሲላችሁ አስራችሁ ታስገቡታላችሁ? ኮምፒውተር ላይ ግን ሁላችንም አስረን እናስገባለን። ወሬ አይደለም የምነግራችሁ፦ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2021 ሬድ ካናሪ የሚባል የደህንነት ድርጅት፣ ኪኤምኤስፒኮ በሚባለው ታዋቂ አክቲቬተር ስም በሚሰራጭ ፋይል ውስጥ ክሪፕትቦት የሚባል የይለፍ ቃል ሌባ ተጭኖ እንደሚመጣ አውጥቶ ነበር። ብሮውዘራችሁ ላይ ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃል ሰብስቦ ይልካል። ኮምፒውተሩን አያጠፋም። አያዘገይም። በሰላም ይሠራላችኋል። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ያድነናል ማለት ደግሞ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን መርሳት ነው።

«ታዲያ ኦሪጅናል በምን አቅማችን?» ትላላችሁ። በዶላር፣ በዓለም አቀፍ ካርድ፣ በእኛ ደሞዝ እንደማይሆን እኔም አውቃለሁ፤ የመምህር ደሞዝ ለምዶብኛል። ግን ያልተገለጸላችሁ ነገር አለ። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 አክቲቬት ሳይደረግ ይሠራል። ጥግ ላይ «አክቲቬት አድርግ» የሚል ጽሑፍ ይታያል፣ የጀርባውን ሥዕልና ቀለም በቅንብሩ በኩል መቀየር አይፈቅድም። በቃ፣ ያ ነው ጉዳቱ። የመጫኛውን ፋይል ማይክሮሶፍት ራሱ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያወርዳችኋል፣ ለ11ዱ አፕዴቱም ይመጣል። ዲፌንደር የሚባለውም አንቲቫይረስ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው። ለጀርባ ሥዕል ብለን ነው ቤታችንን ለሌባ የምንከፍተው!

የእኛ አካባቢ ልዩ ችግር እንዳለበትም አልረሳሁም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ወራት ኢንተርኔታችን ፍላሽ ነበር። ፊልም በፍላሽ፣ መዝሙር በፍላሽ፣ የቢሮ ደብዳቤ በፍላሽ። አንዱ ፍላሽ ከቢሮ ወደ ፎቶኮፒ ቤት፣ ከፎቶኮፒ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤት ሲዞር ያየውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ፎልደሮችን ደብቆ አቋራጭ የሚያደርጋቸው ቫይረስ ያልነካው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አፕዴት ደግሞ አልመጣም። ዊንዶውስ 7 ከማይክሮሶፍት አፕዴት ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። እነሱን የያዙ ማሽኖች ዛሬም በየቢሮው አሉ። ይሄ የግለሰብ ጥፋት አይደለም። ግን ቀዳዳው እኛ ቤት ከሆነ ዘንድ የምንደፍነውም እኛ ነን።

አሁን እውነተኛ ሰላይ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ፤ ታሪኩ የኛው ሰው ታሪክ ነው፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ያለ። የማንንም ወገን ፖለቲካ ለማራገብ አይደለም፤ ትምህርቱ ስለሚያስፈልገን ነው።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነው። ለደህንነቱ ሲባል ፍርድ ቤት የቀረበው «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ ነበር። ክሱ እንደሚለው፣ በ2012 መጨረሻ አካባቢ ከኢሜይል ጋር የመጣ የወርድ ሰነድ ሲከፈት ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም የቤት ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ለወራት ተቀመጠ። የስካይፕ ንግግሩን ቀዳ፣ ኢሜይሉን ያዘ፣ በኮምፒውተሩ የሚፈለገውን ሁሉ መዘገበ። የቤት ኮምፒውተር ነውና ቤተሰቡ ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ልጁ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርቱ ስለ ስፖርት ሕክምና የፈለገው ነገር እንኳ ተቀድቷል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የቤት ሥራ! እኔ መምህር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከመዝገቡ ሁሉ ይቺ ናት ልቤን የነካችው።

ያ ኮምፒውተር በየሩብ ሰዓቱ እየጠፋ አላስጠነቀቀም። ነገሩ የታወቀው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይን የሚያዝ ሰርቨር ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለ፣ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ የሚሰራጭ ናሙናም እንዳገኘ አሳተመ። እንደ ክሱ፣ ሪፖርቱ በወጣ በአምስተኛው ቀን ፕሮግራሙ ከኪዳኔ ኮምፒውተር ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፣ ግን ዱካውን ሙሉ በሙሉ አላጠፋም። በዚያ ዱካ ነው የተያዘው። ልብ በሉልኝ፦ ያን ሰሞን አንድ «ባለሙያ» ደርሶ ኮምፒውተሩን ፎርማት ቢያደርገው ኖሮ ዱካውም አብሮ ይጠፋ ነበር፣ ክስም አይኖርም ነበር። ክሱ በፌብሩዋሪ 2014 በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ተመሠረተ፣ በሜይ 2016 ውድቅ ተደረገ፣ በማርች 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ያንኑ አጸና። ምክንያቱ ስለላው አልተፈጸመም የሚል አልነበረም። የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚከሰሰው ድርጊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዚያው አገር ውስጥ ሲፈጸም ነው፣ ይሄ ግን ከውጭ የተመራ ነው ነው ያሉት።

በዚያ ብቻ አላበቃም። በዲሴምበር 2013 የኢሳት ሠራተኞች በስካይፕ ጽሑፍ የሚመስል ፋይል ተላከላቸው፤ ውስጡ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሠራው የስለላ ፕሮግራም ነበር። በዲሴምበር 2017 ደግሞ ሲቲዝን ላብ ሳይበርቢት በሚባል የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን እንደተሰለሉ አወጣ፤ ማጥመጃው «ይህን ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ» የሚል ነበር። ተመልከቱ፣ በሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። በመስኮት አልገቡም። ሰውየው በገዛ እጁ ከፈተላቸው፦ አንዴ በሰነድ፣ አንዴ በፎቶ፣ አንዴ በአፕዴት።

ለዳባት ሰው ማንም እንዲህ ያለ ውድ ፕሮግራም አይልክበትም፣ አትሸበሩ። ዘዴው ግን ረክሶ ሰፈር ደርሷል። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያን ደብቆ ስለሚመጣ ፎቶ የሚመስለው ነገር ጫፉ ላይ ነጥብ ኢኤክስኢ ሊኖረው ይችላል። ፋይል የሚታይበት መስኮት ላይ ቪው ገብታችሁ ቅጥያው እንዲታይ አድርጉ። ዛሬውኑ። የሠርግ ፎቶ ኢኤክስኢ አይሆንም።

እሺ፣ በእርግጥ ስፓይዌር ገብቷል ብላችሁ የምትጠረጥሩበት ምክንያት ካላችሁስ? ያልላካችሁት መልእክት ከአካውንታችሁ ከሄደ፣ የማታውቁት መሣሪያ ቴሌግራማችሁ ላይ ከታየ፣ ዲፌንደር ጠፍቶ አልበራም ካለ? በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። የይለፍ ቃል ቀይሩ፤ በዚያው ኮምፒውተር ግን አይደለም፣ በንጹሕ ስልክ። ሌባው ቆሞ እያየ ቁልፍ መቀየር ዋጋ የለውም። ቴሌግራም ላይ መሣሪያዎች የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡ፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ጨምሩ። ከዚያ የዲፌንደርን ኦፍላይን ፍተሻ አስነሱ፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ስለሚፈትሽ የተደበቀውን ሲተኛ ይይዘዋል። (እሱ ራሱ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሳል፣ ደግሞ እዚህ ላይ «ቲቸር ተነሳብኝ» እንዳትሉኝ!) ብሮውዘሩ ላይ የማታውቁትን ተጨማሪ ፕሮግራም አውጡ። ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር የሚያዙበት ፕሮግራም፣ እንደ ኤኒዴስክና ቲምቪወር ያለው፣ ሳታውቁት ተጭኖ ካገኛችሁ አጥፉት፣ የጫነውንም ሰው ጠይቁት።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልጸዳ፣ ያኔ ፎርማት ይደረግ። አዎ፣ እኔው ነኝ የምለው። ሥር የሰደደ ነገር ሲሆን ከመሠረቱ መጫን ትክክለኛ ሕክምና ነው። ግን ሰነዱና ፎቶው መጀመሪያ ይገልበጥ፣ ፕሮግራም የሆነ ነገር አብሮ አይገልበጥ፣ መጫኛው ከማይክሮሶፍት የወረደ ይሁን፣ አክቲቬተር በደጁ አይለፍ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ይሄኛው አስቸኳይ ነው። ሰሞኑን ፎርማት ተደርጎባችሁ ፎቶ የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ አሁኑኑ ኮምፒውተሩን አጥፉት። ፊልም አትጫኑበት፣ ምንም አትጻፉበት። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ ፎቶዎቹ አዲስ ነገር በላያቸው እስኪጻፍ ድረስ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ተኝተው ይቆያሉ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ተስፋው የመነመነ ነው፣ አልዋሻችሁም። የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ግን ነቅላችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መፈለግ ይቻላል፤ የተገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ አስቀምጡ፣ ወደዚያው አይደለም። ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ያላችሁ፣ ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሚገለበጥበትን ባዶ ዲስክ ግን ከቤታችሁ አምጡ፣ የእኔ ሞልቷል።